የሚላስ ገንዘብ

ባለፈው ሳምንት ስለ ጐንደር ዘመን ንግድ ሳስተምር አንድ ተማሪ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣና «መምህር፤ የጥንት ሰዎች ሞኞች ነበሩ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። «ምነው?» ብለው፤ «ገንዘባቸው ጨው ነበር ብለውናል። ዝናብ ቢመታው ይሟሟል፤ ልጅ ቢያገኘው ይልሰዋል፤ ወጡ አልጣፍጥ ቢል ከገንዘቡ ቈርሶ ድስት ውስጥ መጨመር ነው። ታዲያ ይኼ ገንዘብ ይባላል?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ይሁን እንጂ ደወሉ ከተደወለ በኋላም ጥያቄው አልለቀቀኝም። ዕለቱ ወሩ ያለቀበት፤ ደመወዝ ግን ገና ያልገባበት ቀን ነበር። (እንዲህ ያለውን ቀን የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ሳላብራራለት ያውቀዋል፤ ተማሪ የሆነውም ጥቂት ዓመት ቢታገሥ ይደርስበታል።) ኪሴን ብዳብስ ያገኘሁት የቤቴን ቍልፍና የእጅ ስልኬን ብቻ ነው። ለመሆኑ የእኔ ገንዘብ የት ነው ያለው? በስልኩ ውስጥ ነው እንዳልል፤ ስልኩን ብሰብረው ከሆዱ አንድ ሳንቲም አይወድቅም። በባንክ ነው እንዳልል፤ የእኔ ብር ተለይቶ የተቀመጠበት ሣጥን በባንክ ቤት የለም። ያለው በአንድ ስፍራ ከስሜ አጠገብ የተመዘገበ ቍጥር ብቻ ነው። ጨው የያዘው ያ የጥንት ሰውና ቍጥር የያዝሁት እኔ መንገድ ላይ ብንገናኝ፤ ማን በማን ይስቅ ነበር?

ለዚህ መልስ ለመስጠት የዚያን ሰው ገንዘብ ከምንጩ መመልከት ያስፈልጋል። አሞሌ የሚመጣው ከአፋር ቈላ ነው። ስፍራው ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፤ በጥንተ ዘመን ቀይ ባሕር ይገባበት የነበረ፤ ኋላም ውሃው በፀሐይ ተንኖ ጨዉ ብቻ የቀረበት ነጭ ሜዳ ነው። ሠራተኞቹ የጨዉን ቅርፊት በእንጨት እየፈነቀሉ ያነሡታል፤ ከዚያም እየጠረቡ መልክ ያስይዙታል። ለገንዘብነት የሚዘጋጀው አሞሌ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ከፍ የሚል፤ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ፤ ቢላዋ የሚሳልበትን ድንጋይ የሚመስል ነበር። በመንገድ እንዳይሰበር ወገቡ በልጥ ይታሰራል። ከዚያ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ አቀበቱን በመውጣት ወደ ትግራይ ደጋ፤ ከትግራይ ወደ ሶቆጣ ገበያ፤ ከሶቆጣ ወደ ጐንደር፤ ዓባይንም ተሻግሮ እስከ ጊቤ አገሮች ድረስ ይጓዛል። በየኬላው ቀረጥ ይከፈልበታል። ግመሎቹ በጭነት መኪና እየተተኩ መጡ እንጂ ጨዉ ከዚያ ሜዳ መቈረጡ ዛሬም አልቀረም።

ጨው በንግድ ውስጥ የነበረው ክብር እጅግ የቈየ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፤ የአክሱም ንጉሥ ሰዎች ወርቅ ፍለጋ ሳሱ ወደሚባል ሩቅ አገር ሲሄዱ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው እንደነበረ ጽፏል። ከዚያ ሲደርሱ የእሾህ አጥር ያጥራሉ፤ በሬውንም አርደው ሥጋውን ከጨዉና ከብረቱ ጋር በአጥሩ ላይ ያኖሩታል። የአገሩ ሰዎች መጥተው በመረጡት ዕቃ ላይ ወርቅ ያስቀምጡና ፈቀቅ ይላሉ። ባለዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፤ ካልበቃው ዝም ይላል። እነዚያም ተመልሰው ወይ ይጨምራሉ፤ ወይ ወርቃቸውን ይወስዳሉ። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ገበያው ይፈጸማል። (በመርካቶ አንድ ሸሚዝ ለመግዛት ግማሽ ቀን የተከራከረ ሰው ይህን ሲሰማ ሳይቀና አይቀርም።)

በዚያው ዘመን አክሱም የራሷ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ነበራት። ከሰባተኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግን ገንዘብ መምታቱ ቆመ፤ የሐረር አሚሮች ከመቱት በስተቀር ከዚያ በኋላ ከሺህ ዓመት በላይ በስሙ ገንዘብ የመታ ንጉሥ በአገራችን አልተነሣም። ያን ሁሉ ዘመን የገበያውን ሸክም ከተሸከሙት ዋናው አሞሌ ነው።

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል የተቀመጠው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ነገር ልብ ብሎ ተመልክቶታል። እርሱ እንደሚለው ጨው በዐፄ ልብነ ድንግል ግዛት ሁሉ በገንዘብነት ይሠራ ነበር፤ ዋጋው ግን በየስፍራው ይለያያል። ጨዉ በሚቈረጥበት አካባቢ በአንዲት ድሪም ወርቅ ከመቶ በላይ አሞሌ ይገኛል። ወደ ውስጥ በተራቁ መጠን ቍጥሩ እያነሰ ይሄድና ከንጉሡ ሰፈር ሲደርስ በዚያችው ወርቅ የሚገኘው አሞሌ ዐሥር እንኳ አይሞላም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ አሞሌ የግመሉን ቀለብ፣ የነጋዴውን ድካም፣ የኬላውን ቀረጥ በላዩ እየጨመረ ነው የሚጓዘው። የእኛ ብር ሞያሌም ሄደ መተማ ያው ብር ነው። አሞሌ ግን የተጓዘውን መንገድ ያስከፍላል።

እንግዲህ ዛሬ ወደ ጠረፍ ተዛውረሃል የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው አማላጅ ፍለጋ የሚሮጥ ጸሐፊ፤ በዚያ ዘመን ቢሆን ኖሮ አሞሌውን በበቅሎ ጭኖ ወደ ሩቅ አገር መሄዱን እንደ ሹመት በቈጠረው ነበር። ለነገሩ የወር ደመወዝ የሚባል ነገርም አልነበረም። የንጉሥ አገልጋይ የሚኖረው በተሰጠው ጉልት፤ ገበሬው በሚያገባለት እህልና ማር፤ ከቤተ መንግሥት በሚሰፈርለት ድርጎ ነበር። የወሩን መጨረሻ እየቈጠረ የሚኖር ሰው፤ በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮች ከተሾሙ ወዲህ መሥሪያ ቤት በበዛ ቍጥር እየበዛ የመጣ አዲስ ፍጥረት ነው። ደመወዛችን በአሞሌ የሚከፈል ቢሆን ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። አንዱ አሞሌ ግማሽ ኪሎ ብቻ ይመዝናል ብንል እንኳ፤ መቶ አሞሌ የሚቀበል ጸሐፊ 50 ኪሎ ተሸክሞ መውጣት አለበት። የሒሳብ ክፍሉ ደጃፍ በወሩ መጨረሻ በአህያ ይሞላ ነበር ማለት ነው።

ሌላው ችግር ዝርዝር ነው። የታክሲ ረዳት ዝርዝር የለኝም ሲለን እንቈጣለን። በአሞሌ ዘመን ግን ጥቂት ሽንኩርት የፈለገች ሴት አሞሌዋን ሰብራ ልትከፍል አትችልም፤ የተሰበረ አሞሌ ከገንዘብነቱ ወርዶ የወጥ ጨው ይሆናልና። ስለዚህ ትንሽ ትንሹ ግብይት የሚፈጸመው በዕቃ ለውጥ ነው፤ በእፍኝ ጥጥ፣ በቍና እህል፣ በበርበሬ። ከቤቷ ስትወጣ እርሷ የምትፈልገውን ብቻ ሳይሆን ሽንኩርት ሻጯ ምን እንደሚያስፈልጋት ጭምር ማሰብ ነበረባት። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ የጠመንጃ ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ጥይት ከፍሎ ሽንኩርት ልግዛ ቢል ወዴት እንደሚወሰድ አንባቢ ይገምተው።

ይህን ሁሉ በማግሥቱ ለተማሪዎቼ ስነግር ደስ ብሏቸው ይስቁ ነበር። ሳቁ የቆመው ከአልቫሬዝ ጽሑፍ አንዲት ነገር ስጨምርላቸው ነው። ጨዉ ከምንጩ እጅግ ርቆ ወደ ዳሞት ሲደርስ፤ በጣት በሚቈጠር አሞሌ ባሪያ ይገዛ ነበር። አንድ ሰው፤ እናትና አባት ያለው፤ ስም የወጣለት፤ ሦስት ወይም አራት ጥርብ ጨው። ያ ትናንት የጠየቀኝ ልጅ ዝም ብሎ ሰሌዳውን ይመለከት ነበር፤ እኔም ለጥቂት ጊዜ የምለው ጠፋኝ። በአገራችን ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። የአያቶቻችን አባቶች ያዩት ነገር ነው ማለት ነው፤ የተረት ዘመን አይደለም። ስለዚህ የድሮ ኑሮ ሁሉ ማርና ወተት ነበር የሚለኝን ሰው እሺ አልለውም። በገበያው ውስጥ የሚሸጠውን ሁሉ ሳያይ ስለ ገበያው ውበት የሚያወራ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

በዚሁ ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ የአያቷን ጠገራ ብር በመሐረብ ቋጥራ አምጥታ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረ፤ ሁሉም በመዳፉ ላይ እያነሣና እያወረደ መዘነው። እውነተኛ ገንዘብ እንዲህ ነው፤ ይከብዳል። አንድ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሺህ ጠገራ የሚልክ ነጋዴ 28 ኪሎ ያስጭናል። ልጆቹ በብሩ ላይ 1780 የሚል አንብበው «ሁለት መቶ አርባ ዓመት አልፎታል ማለት ነው?» ብለው ተገረሙ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1780 ሞተች፤ ብሯ ግን በዚያው መልክና በዚያው ዓመት መመታቱን ቀጠለ። በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ ሌላ መልክ ያለውን አልቀበልም ስላለ፤ የሞተችው ንግሥት ዓመት እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ከቪየና ሌላ በሮማም በለንደንም ተመትቷል። ኢጣሊያ በ1927 ዓ.ም. አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ ብሩን የመምታቱን መብት ከኦስትሪያ መውሰዷ ሕዝባችን የሚያምነው የትኛውን ገንዘብ እንደሆነ ስላወቀች ነው።

የአገራችን ባላገር ጠገራ ሲቀበል እንዲሁ አይቀበልም ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥና በራሷ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እያየ፤ የተላጨውን ወይም መልኩ የጠፋውን ይመልሳል። ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን የሚያዳምጥም ነበር። ይህን የመሰለ ሰው ሞኝ ነው ሊባል አይችልም። በመቶ ብር ኖት ላይ የተሣለው ምን እንደሆነ ሳያዩ እንዲናገሩ ተማሪዎቼን ብጠይቅ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ እርግጠኛ አልነበርሁም።

ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበትን፤ በአንዱ ፊት መልካቸው በሌላው አንበሳ ያለበትን ብር ሲያስመቱ ሕዝቡ ለብዙ ዘመን ጠገራውን ማስቀደሙን አልተወም። አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን፣ መሐለቅ፣ ቤሳ የሚሉ ስሞች የመጡት ከዚያ ዘመን ነው፤ ከእነርሱ ውስጥ ዛሬ ዘወትር የምንጠራው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የምንልበትን ብቻ መሆኑ ስለ ደመወዛችን የሚናገረው ነገር አለ። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ የምንገለገልበት ብር በአዋጅ ወጣ። ጠገራው ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ከገበያ ወጥቶ ወደ አያቶች ሣጥንና ወደ አንጥረኛ ቤት ገባ።

ከዚህ ላይ ነው ትልቁ ለውጥ የሚገኘው። አሞሌ ገንዘብነቱ ቢቀር ጨው ነው፤ ጠገራም ገንዘብነቱ ቢቀር ያው ብር ነው፤ መስቀል ወይም አምባር ይሠራበታል። ወረቀት ግን ገንዘብ ነህ ያለው መንግሥት አይደለህም ያለው ቀን ከወረቀትነት በስተቀር ሌላ ነገር የለውም። መስከረም 2013 ዓ.ም. ላይ አሮጌዎቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ ሲለወጡ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። አንዲት ጎረቤታችን የነበሩ አሮጊት ለቀብራቸው ብለው በትራሳቸው ውስጥ የሰፉትን ገንዘብ ለማንም አልነገሩም። አዋጁን አልሰሙ ይሁን፤ ወይ ሰምተው ረስተውት ይሁን አላውቅም፤ ትራሱ የተፈታው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ኖቶቹን አልጋ ላይ ዘርግተው እየቈጠሩ «ያው አይደለም እንዴ? ትናንት ብር አልነበረም?» ይሉ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለነበርሁ ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ላስረዳቸው ሞከርሁ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ የሚለው ተረት የተነገረው ለጨው ነው፤ አሞሌም ቢያንስ ለራሱ ሲል መጣፈጥ ይችል ነበር።

ጊዜው ሳያልፍበት በእጃችን ያለውም ቢሆን ዝናብ ሳይመታው ይሟሟል። ብሩ በ1937 ዓ.ም. ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ48 ሳንቲም ያህል ይመነዘር ነበር። በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው፤ ምንዛሪው ለገበያ በተለቀቀ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአሞሌ ነጋዴ ደመናውን አይቶ ጭነቱን በቈርበት ይሸፍናል። እኛ ደመናው ከወዴት በኩል እንደሚመጣ እንኳ አናውቅም፤ የምናውቀው ጤፍ ስንገዛ ነው።

ይሁንና ወደ አሞሌ ዘመን መልሱኝ አልልም፤ ስለ ባሪያው ዋጋ የተናገርሁት ብቻውን ይበቃኛል። ሌላም ምክንያት አለኝ። እናቴ የምትኖረው ከአዲስ አበባ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ በሆነ ቀበሌ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከሰው ጋር ስትልክልኝ የነበረው ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ ሳምንት ይቈይ ነበር፤ አንድ ጊዜም ጨርሶ አልደረሰም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ግን ዛሬ ከዚህ የምልክላትን ቡናዋን ሳታወርድ ታገኘዋለች። ባለፈው ወር «ደረሰሽ ወይ?» ብዬ ስደውልላት «ስልኩ ጮኸ፤ ማንበብ ስለማልችል የጎረቤትን ልጅ ጠራሁ፤ እርሱ ደርሷል ብሎኛል» አለችኝ። የልጁ ዕድሜ ዐሥራ አንድ ነው። አያቷ ጠገራውን በገዛ ዐይኗ መርምራ፤ ድምፁንም ሰምታ ነበር የምትቀበለው። እናቴ ገንዘቧ መድረሱንም ስንት መሆኑንም የምታምነው በአንድ ሕፃን ቃል ነው። ይህን ባሰብሁ ቍጥር አንዳች ነገር ሆዴን ይቈርጠኛል፤ ልጁ ግን እስከ ዛሬ አልዋሸም።

ወደ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ። ሞኞች አልነበሩም አልሁት። የያዙትን ያውቁ ነበር፤ የማያውቁትን አይቀበሉም ነበር። ችግራቸው ገንዘቡ ከባድ መሆኑ ነው። የእኛ አልከበደም፤ ነገር ግን ምን እንደያዝን ብንጠየቅ መልሱ የዚያን ያህል ቀላል አይሆንልንም። ልጁ አሰበና «መምህር፤ ታዲያ እኛ ምንድን ነን?» አለ። ደወሉ አዳነኝ።

ደመወዝ በገባ ማግሥት፤ እንደ ልማዴ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ቁርሴን በላሁና በስልኬ ልከፍል ብል ኔትወርክ የለም። ስልኩን ወደ ላይ አነሣሁት፤ ወደ በሩ ተጠጋሁ፤ ውጭ ወጥቼ እንደ ሞኝ በመንገዱ ዳር ዞርሁ፤ እምቢ አለኝ። የአንድ ወር ደመወዝ በስሜ ተመዝግቦ ሳለ የአንድ ሻይና የሁለት ዳቦ መክፈያ አጣሁ። ባለቤቲቱ ከጠረጴዛው መሳቢያ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡና እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

«ጻፈው ልጄ፤ ምን ቸገረህ።»

«እትዬ፤ ነገም ኔትወርክ ባይኖርስ?» አልኋቸው።

«ከነገ ወዲያ ትሰጠኛለሃ። አውቅህ የለም እንዴ? ይልቅስ ስምህን አጥርተህ ጻፈው፤ የባለፈውን እኔም አላነበብሁት።»